የዓመቱ የኪነት ዕቅድና የትርንጎ ጠብ

ዕቅድ የሚባለውን ነገር የፈጠረው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መተማ ወርዶ የማያውቅ ደገኛ ለመሆኑ እስኪመሽ እከራከራለሁ። በደጋ አገር ዕቅድ ማውጣት ምን ችግር አለው? ሰኞ ሰኞ ነው፤ ማክሰኞም ማክሰኞ ነው። ቆላ ስትወርዱ ግን ቀኑ ራሱ ይቀልጣል። በግንቦት «ነገ ጠዋት እንገናኝ» የተባባሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱን ወባ አስተኝቶት፣ ሌላው ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ጋላባት ተሻግሮ ከርሞ፣ በሰኔ ሲገናኙ «ምነው አረፈድክ?» ተባብለው አይወቃቀሱም። እንዲህ ባለ አገር ተቀምጬ፣ ጳጉሜን ሳልዘል፣ የዓመት ሙሉ የኪነት ፕሮግራም ያወጣሁት እኔ ነኝ። እስቲ ፍረዱኝ።

ደግሞ ወድጄ አይደለም። ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። እኔ ከጎንደር ከተማ ተመድቤ መተማ ዮሐንስ የወረድኩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በወረድኩ በሦስተኛው ሳምንት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራና ሄድኩ። ጠዋት የበላሁት የሱዳን ፉል ሆዴ ውስጥ ሌላ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ታገሥኩ፤ ተቁነጠነጥኩ፤ በመጨረሻም ለመውጣት ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ እጄን አወጣሁ። ሊቀመንበሩ ፊታቸው በራ። «ጓድ መምህር ራሳቸውን ጠቁመዋል!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ፈቃድ መስሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ። ለምን እንደተጠቆምኩ ያወቅሁት ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ ነው፤ የቀበሌው የኪነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኛለሁ።

የምሰበስብበት አዳራሽ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ከተወረሰ በኋላ በሩ ላይ «የኪነት አዳራሽ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጻፈበት፤ ለውጡን እስከ መጨረሻው አንቀበልም ያሉት አይጦቹ ብቻ ናቸው። መድረኩ ከተሰበረ የትራክተር ተሳቢ በተነቀለ ጣውላ የተሠራ ስለሆነ፣ ዘፋኞቹ እስክስታ ሲመቱ ከዘፈኑ ይልቅ የሚሰማው የጣውላው እሮሮ ነበር። የአዳራሹ ዘበኛ አባ ጀማል ይባላሉ። በጉብዝናቸው ግመል እየነዱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ንግግራቸው ግማሹ አማርኛ ግማሹ የሱዳን አረብኛ የሆነ፣ በከተማው ውስጥ ሰው ሲጣላ ቀድሞ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከበላይ አካል መመሪያ ወረደ። አዳራሹ ዓመቱን ሙሉ፣ በየእሁዱ፣ ያለማቋረጥ የኪነት ፕሮግራም ይስጥ የሚል ነው። ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። ለመስከረም የመዝሙር ውድድር፣ ለጥቅምት የገበሬ ድራማ፣ ለጥር እስክስታ ደለደልኩ። ለሐምሌ ደግሞ «የክረምት የክራር ዝግጅት» ብዬ ጻፍኩ። የሐምሌ ዝናብ በአዳራሹ የቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ እንኳን ክራር መድፍ ቢተኮስ እንደማይሰማ ገና አላወቅሁም። ሥራዬን በሁለት ቀለም አሳምሬ ስጨርስ ለአባ ጀማል አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡኝና፣ «መምህር፣ ይኼ ሁሉ ዘፋኝ በጥቅምት ከየት ይመጣል? በጥቅምት መተማ ውስጥ የምንቀረው እኔና ፍየሎቹ ነን» አሉኝ። እኔም፣ ያው የተማርኩ ሰው አይደለሁ፣ ዕቅድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋቸው።

ጥቅምት መጣ። ሰሊጥ እንደ ሌላው እህል ትዕግሥተኛ አይደለም። በደረሰበት ቀን ካላጨዱት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ በጥቅምት እጅ ያለው ሁሉ ማጭድ ይይዛል። ከበሮ መቺያችን፣ ክራር ተጫዋቻችን፣ ዋናዋ ተዋናያችን ሳትቀር ወደ እርሻው ተበተኑ። ከጎጃምና ከወሎ ደግሞ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአገሩ አጠራር ሳሉጎች፣ በጭነት መኪና ላይ እንደ ማገዶ ተከምረው ከተማዋን ሞሏት። ከእነሱ መካከል ወባ የጣለውና እሁድን ማረፍ የፈለገው፣ ጥላ ሲያጣ አባ ጀማልን ለምኖ አዳራሹ ውስጥ ይጋደማል። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። ባዶውን ከሚውል ሰው ቢያርፍበት ምን አለበት?

አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። የሄድኩት ሪፖርት ልጽፍ ነው፤ «በዛሬው ዕለት የቀረበው የገበሬ ድራማ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል። ምን ታዩኛላችሁ? ድራማ የለም ብዬ ብጽፍ ዕቅዱ ተጓደለ ይባላል፤ ዕቅድ ያጓደለ ሰው በዚያ ዘመን ስሙ ምን እንደሚባል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁም አትጠይቁ።

በሩን አልፌ ስገባ መድረኩ ላይ ጠብ ተነሥቷል። አንዲት ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት፣ ከእግር እስከ ራሷ አቧራ ለብሳ፣ በአንድ እጇ ዱላ በሌላው የስንቅ ቋጠሮ ይዛ ቆማለች። ፊት ለፊቷ አንድ ረዥም ሰውዬ አንገቱን ደፍቷል። አባ ጀማል በመካከላቸው የተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀረቅባሉ። ሳሉጎቹ ከየተጋደሙበት ተነሥተው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በየአግዳሚው ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። እኔ ባዘጋጀሁት ፕሮግራም ላይ እንዲያ በሥርዓት የተቀመጠ ተመልካች አይቼ አላውቅም።

አጠገቤ ያለውን ሳሉግ ጠይቄ ነገሩን ተረዳሁ። ሴትዮዋ ትርንጎ ትባላለች፤ የመጣችው ከጎጃም ነው። ሰውዬው ባሏ አያል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት «ለሁለት ወር ሰሊጥ አጭጄ እመለሳለሁ» ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። መንደርተኛው ሞቷል አለ። ወንድሞቿ ሌላ ባል አዘጋጁላት። የገበሬ ማኅበሩም እስከ ጥር የሚያርስ ወንድ ካልመጣ መሬቱን ለሌላ እሰጣለሁ አለ። እሷ ግን «ወይ ሬሳውን ወይ ራሱን ሳላይ አላለቅስም» ብላ፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በጆንያ ላይ ተቀምጣ መተማ ደረሰች። ከእርሻ እርሻ ስትዞር ሰንብታ፣ አንድ ያገሯ ሰው «ኪነት አዳራሽ ተኝቷል» ብሎ ጠቆማት። እውነትም ተኝቶ አገኘችው፤ ያውም መድረኩ ላይ፣ ከወለሉ ይልቅ ጣውላው ይቀዘቅዛል ብሎ።

«ሁለት ወር አልከኝ» ትለዋለች። «ሁለት ወር ስንት ክረምት ነው? እኔ ቁጥር አልተማርሁምና አንተ ንገረኝ!»

ይኼኔ ከውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ወዲያው የሊቀመንበሩ ራስ በበሩ ብቅ አለ፤ ከኋላቸው ካኪ ልብስ የለበሰ፣ ደብተር የያዘ፣ አቧራውን የሚያራግፍ ሰው አለ። የኪነት ተቆጣጣሪ ነው፤ ሳይነግር መጣ። ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ «ምንድነው ይኼ?» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ እስከ ዛሬ ከየት እንዳመጣሁት በማላውቀው ድፍረት፣ «የጥቅምት ድራማ ነው» አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ምነው ያን ለት አፌን በቆለፈልኝ! ሊቀመንበሩ ከድንጋጤ ወደ ኩራት በአንድ እርምጃ ተሻገሩና፣ «እንደ ዕቅዳችን ነው ጓድ! ይቀመጡ!» አሉት። ተቆጣጣሪው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ደብተሩን ገለጠ።

መድረኩ ላይ አያል መናገር ጀምሯል። በመጀመሪያው ዓመት ወባ ጣለው። በሁለተኛው ዓመት ባዶ እጁን መመለስ አፈረ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ያለፈው ዓመት ማፈሩ አሳፈረው። «በምን ፊቴ ልምጣ?» አለ።

«ፊትህን ይዘህ ና እንጂ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። «ሌላ ምን ጠየቅሁህ? እኔ የፈለግሁ ያንኑ ፊትህን ነው!»

ተቆጣጣሪው አጨበጨበ። ትልቅ ሰው ሲያጨበጭብ ሊቀመንበር ያጨበጭባል፤ ሊቀመንበር ሲያጨበጭብ አስተማሪም ሳሉግም ያጨበጭባል። አዳራሹ ተናጋ። ትርንጎ ግራ ገብቷት ዞር አለች። «ምን ሁናችሁ ነው የምታጨበጭቡ? ሰርጌ ነው?» አለች። ተቆጣጣሪው በሳቅ ፈረሰና፣ «ተፈጥሯዊ ናት!» ብሎ ጻፈ።

አባ ጀማል በበኩላቸው፣ በሽምግልና መሀል ትልቅ ሰው በመግባቱ ደስ ብሏቸዋል። «ጌታው፣» አሉት ከጣሳቸው ብድግ ብለው፣ «ለዚህ ነገር እንግዳ ሰው ይሻላል። ይውጡና ከእኔ ጋር ይፍረዱ።» ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ተመልካቹን የሚያሳትፍ ኪነት! ማን አስተማራችሁ?» አለኝ። በራሳችን ጥረት እንደሆነ ነገርኩት። ምን ልበለው? መድረኩ ላይ ወጣ። ትርንጎን የምትፈልገውን ጠየቃት። «አገሩ ይግባልኝ፤ ቢሞትም እቤቱ ይሙት» አለች። ተቆጣጣሪው እጁን ዘርግቶ፣ «ጓድ ገበሬ! የሚስትህን ጉልበት ስመህ ወደ መሬትህ ተመለስ!» ብሎ ፈረደ።

አያል ወደቀ። ጉልበቷን ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሳሉጎች፣ እያንዳንዳቸው ደጋ ላይ የተዉት ሰው ትዝ እያላቸው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ጀመር። ሊቀመንበሩ አለቀሱ፤ እኔም ሚስት ሳይኖረኝ አለቀስኩ። ትርንጎ ቋጠሮዋን አስቀመጠችና ብብቱን ይዛ አነሣችው። «ይነሡ፤ ይበቃል፣ ይነሡ» አለችው። ጆሮዬ ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ አንተ እያለች ስታወርድበት የነበረችው ሴት አንቱ አለች! አባ ጀማልም የሰሙት ይህንኑ ነው መሰል፣ «ኸላስ! አለቀ፣ ታረቁ!» ብለው መረቁ።

ተቆጣጣሪው ሲወርድ አስተያየቱን ሰጠ። የሴትዮዋ አልባሳትና አቧራዋ ሳይቀር ግሩም ነው፤ ባልየው ሲያለቅስ እንባው እውነተኛ ይመስላል፤ ሽማግሌው ብቻ ትንሽ ያበዛዋል። ከዚያ ያስደነገጠኝን ተናገረ። በኅዳር ሌሎች እንግዶች ይዞ ይመጣል፤ ድራማው ያን ጊዜ እንደገና ይቀርባል፤ ከዚያም በኋላ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ይታያል። «ርእሱ ማን ይባላል?» ሲለኝ «ሦስት ክረምት» አልኩት። ጻፈውና ሄደ።

አቧራው ሲበርድ ለሊቀመንበሩ እውነቱን ተናዘዝኩ። «ድራማ ካልነበረ፣» አሉኝ፣ «እኔ ለምን አለቀስኩ?» ይህንን መመለስ የሚችል ካለ ይመልስ፤ እኔ አልቻልኩም። ሲያስቡ ቆይተው ግን መፍትሔ አገኙ። በዚያ ዘመን ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከአገር ወደ አገር መሄድ አይቻልም። ባልና ሚስቱ ደግሞ በማግሥቱ ማሽላ በጫነ መኪና ሊሄዱ ጓዛቸውን አስረዋል። ሊቀመንበሩ፣ የኅዳር ፕሮግራም ሳይጠናቀቅ ወረቀት አልፈርምም አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ውሸቱን የተናገርኩ እኔ፣ የታሠሩት እነሱ።

ትርንጎን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። «ጠባችሁን እንደገና ትጣሉታላችሁ» አልኳት።

«ታርቀናል እኮ የኔታ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። እንደ ጨዋታ ነው የምትጣሉት።»

«በጨዋታ ባሌን ልስደብ? ነውር አይደለም?»

እሷን ያስጨነቃት ነውሩ ብቻ አልነበረም። እስከ ጥር አገሯ ካልደረሰች መሬቱ ይሄዳል። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያን አስተያየት መሸከም አቃተኝና፣ የኪነት ኮሚቴውን ማኅተም አውጥቼ ለገበሬ ማኅበሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። አያል በአስፈላጊ የሕዝብ ግዳጅ ላይ ስለሚገኝ መሬቱ እንዲጠበቅለት ይደረግ የሚል ነው። ምን ዓይነት ግዳጅ እንደሆነ አልጠቀስኩም። የሚስቱን ስድብ የማዳመጥ ግዳጅ ነው ብዬ ልጻፍ? ማኅተሙ ግን ክብ ነበር። በዚያ ዘመን ክብ ማኅተም ያላመነ ሰው የለም።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። ሁለት ሰዎች እንዲታረቁ ሽማግሌ ሲለምን ሁላችንም አይተናል፤ ሁለት ሰዎች እንዲጣሉ የለመነ ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም። «ሁለት ወር አልከኝ በይው» እላታለሁ። «ሁለት ወር አሉኝ» ትላለች በለሆሳስ። «አንተ በይው እንጂ!» «እንዴት አድርጌ?» ትለኛለች አፏን በነጠላዋ ሸፍና። አያል ደግሞ እሷን ባየ ቁጥር ጥርሱ አይከደንለትም። ሦስት ዓመት ያላያትን ሚስት አግኝቶ እንዴት ይዘን? አባ ጀማል በበሩ በኩል እያዩን፣ «መምህር፣ እኔ ስንቱን ሰው ሳስታርቅ የኖርኩት በከንቱ ነው። የሚከብደውስ ማጣላቱ ኖሯል» ይሉኛል።

የኅዳሩ እሁድ ደረሰ። ተቆጣጣሪው ሦስት እንግዶች ይዞ በላንድሮቨር መጣ። አዳራሹ ሞላ፤ ሰሊጡ ተወቅቶ አልቆ ስለነበር የራሳችን ዘፋኞች እንኳ ሊያዩ መጡ። እኔ ከመድረኩ ጀርባ በተንጠለጠለው አንሶላ ኋላ ተደብቄ ቃል አስታዋሽ ሆንኩ። አያል ጣውላው ላይ ተጋደመ። ትርንጎ ዱላዋንና ቋጠሮዋን ይዛ ገባች። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ትርንጎ ባሏን አየችው፤ ፈገግ አለች፤ «እንደምን ዋሉ?» አለችው።

አያል ተነሥቶ ተቀመጠ። «እግዜር ይመስገን። አንቺስ እንደምን ዋልሽ?» አለ።

አለቀ። ከዚህ ወዲያ የሚናገሩት የላቸውም። ተያይተው ይስቃሉ። ተቆጣጣሪው ደብተሩን ከፈተ፤ ሊቀመንበሩ ወደ አንሶላው አቅጣጫ የወረወሩትን ዓይን እስከ ዛሬ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ምን ላድርግ? ጠብ የሚጭር አንድ ነገር ፍለጋ አእምሮዬን በረበርኩና፣ በባልና ሚስት መካከል ጥንትም የማይጠፋውን አገኘሁ። በአንሶላው ቀዳዳ፣ «ሦስት ዓመት እህል ስታበላህ የከረመች ሴት ማን ናት በይው!» ብዬ አንሾካሾክሁ። እምላለሁ፣ ፈጥሬው ነው። ከራሴ አውጥቼ ነው።

ትርንጎ እንደ ታዘዘች ልጅ፣ እየሳቀች፣ «ሦስት ዓመት እህል ስታበላዎ የከረመች ሴት ማን ናት?» አለችው።

የአያል ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ማን ነገረሽ?» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አይጦቹም ጸጥ ያሉ መሰለኝ። ትርንጎ ቋጠሮዋን ለቀቀችው። «አንተ!» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። የማስታውሰው አያል «ሻይ ቤት ናት! ወባ ሲጥለኝ ሾርባ የሰጠችኝ ናት! ሌላ ነገር የለም!» ሲል፣ ትርንጎ «ሾርባ ለመጠጣት ሦስት ክረምት?» ስትል፣ ዱላው ጣውላው ላይ ሲያርፍ፣ አባ ጀማል «ያ ጀማዓ! ሰዎች! ይኼ እውነት ነው!» እያሉ ሲጮሁ፣ እንግዶቹም ቆመው ሲያጨበጭቡ ነው። አባ ጀማል «ይኼ እውነት ነው!» ባሉ ቁጥር ጭብጨባው ይጨምራል። በሾርባው ነገር እውነቱ የቱ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ያን ቀን ሰውዬውን አምኜው ነበር፤ በማግሥቱ አላመንኩትም።

ትርንጎ ቋጠሮዋን አነሣች፤ ከመድረክ ወረደች፤ በተመልካቹ መካከል አልፋ በሩን ወጣች። ተቆጣጣሪው ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ ተነሣና፣ «ኪነት ከአዳራሽ ወደ ሕዝቡ ወጣ!» እያለ ተከተላት። እንግዶቹ ተከተሉት። ሴትዮዋ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ወደቆመው ላንድሮቨር ሄደች። «ወደ ጎንደር ናችሁ?» አለች። ተቆጣጣሪው፣ በጥቅምት መድረክ ወጥቶ የፈረደ ሰው በኅዳር እንዴት ይቅር፣ ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተላት። ገባች። ገቡ። መኪናው ተነሣ። አያል «ትርንጎ! ትርንጎዬ!» እያለ ከኋላ በአቧራው ውስጥ ሮጠ፤ እንግዶቹም በመስኮት እያዩት እያጨበጨቡ ሄዱ። የእንግዳ መኪና ኬላ ላይ ይለፍ አይጠየቅም።

አያል ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቧራ መስሎ ተመለሰ። ቀጥ ብሎ ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወደቀ። «ወረቀቴን ይስጡኝ፤ ልድረስባት» አለ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ እዚያው ወንበር ላይ ወረቀቱን ሞሉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተም መቱ። አያል ነጥቆ እየሮጠ ወጣ፤ ማሽላ ጭኖ ሊነሣ ያለ መኪና ላይ ሲንጠላጠል አባ ጀማል አይተውታል። ሊቀመንበሩ አፍንጫቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ይኼኛውን እንግዶቹ ሳያዩት መሄዳቸው ነው የሚያናድደኝ» አሉ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ፤ የፈረምኩት እውነተኛ ወረቀት ነው እንዴ?»

በየወሩ ሊታይ የታቀደው «ሦስት ክረምት» ተዋናዮቹ ስለጠፉ አልታየም። እኔም በየወሩ «በተሳካ ሁኔታ ቀርቧል» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ክረምት ገባ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ጎርፉ ድልድዩን ወሰደው። በጥቅምት መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው የሳሉጎች መኪና ሁለት ነገር ይዞልኝ ወረደ። አንደኛው ከትርንጎ መንደር የመጣ አጫጅ ነው። እንደ ነገረኝ፣ አያል ሚስቱ ከደረሰች ከሳምንት በኋላ ደርሷል። መሬቱን፣ ባለ ክብ ማኅተሙ ደብዳቤ ስለደረሰ፣ የማኅበሩ ሰዎች በደቦ አርሰው ጠብቀውታል። ወንድሞቿ ያዘጋጁት ሰውዬ ሌላ አግብቷል። «ታረቁ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንጃ፤ ልጅስ ወልደዋል» አለኝ። «እሷ ግን እስካሁን አንተ ነው የምትለው።»

ሁለተኛው፣ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ የከረመ ከተቆጣጣሪው የተላከ ደብዳቤ ነው። ለሊቀመንበሩ የተጻፈ ሆኖ ግልባጩ ለእኔ ነው። የባልና ሚስቱን ትወና ያመሰግናል። በተለይ ተዋናይቷ ጎንደር እስኪደርሱ ድረስ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ከገጸ ባሕርይዋ አለመውጣቷ ለሌሎች አርአያ ነው ይላል። ከዚያ ወደ ነቀፋው ይሄዳል። «ሆኖም የድራማው ሁለተኛ ክፍል ከእውነታው እጅግ የራቀ ነው። የታረቀች ሚስት በአንዲት ቃል ተነሥታ በእንግዳ ሰው መኪና መሄዷ፣ ባልም በእግሩ መኪና ማባረሩ በኑሮ ውስጥ የማይደርስ ነገር ነው። ደራሲው የሰፊውን ሕዝብ ሕይወት ባለማወቁ የመጣ ስሕተት ስለሆነ፣ ከሕዝቡ ጋር እንዲተዋወቅ ይደረግ።»

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ በዚያው መኪና ከመጡት ሳሉጎች ጋር ማጭድ ሰጥተው ወደ ሰሊጥ አጨዳ ሰደዱኝ።